አማርኛ የማትሰማዋ ነርስ

ሰው ሐኪም ቤት ሲሄድ የሚፈራው መርፌ ይመስላችኋል? እኔም እንደናንተ ይመስለኝ ነበር። ዕድሜ ልኬን ሰው መርፌ ስወጋ ኖሬ የተረዳሁት ግን ሌላ ነው። ሰው የሚፈራው በር ላይ የሚያገኘውን ጎረቤቱን ነው። «ምነው፣ ምን ሆነህ መጣህ?» የምትለዋን ጥያቄ ነው። ለዚህ ነው እግሩ የቆሰለውም፣ ሆዱ የተነፋውም፣ በር ላይ ሲጠየቅ ራሴን አመመኝ የሚለው። በኛ አገር እንደ ራስ ምታት በሐሰት የተከሰሰ የለም።

ይህን ያስተማረችኝ ሎዛ ናት። ሎዛ ማን ናት? ቆዩ፣ እነግራችኋለሁ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። እኔ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ጤና ጣቢያ ውስጥ ድሬሰር ነበርኩ። ድሬሰር ማለት ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚቀቅል፣ ሲያስፈልግም የሚወጋ ነው። ደብረ ታቦር ተምሬ እንግሊዝኛ ስለምሞካክር አስተርጓሚውም እኔው ነኝ። ወሬ እወዳለሁ። ይህን አልደብቅም፤ ብደብቅም የሚያምነኝ የለም።

ሹማችን አቶ ገሰሰ ከአዲስ አበባ ነርስ ተመደበችልን ብለው ሰነበቱ። በደስታ ግድግዳውን ሁሉ በኖራ አስቀቡ። የመጣችው ግን ከጭነት መኪና ላይ፣ ከጨው ከረጢት መሀል ወረደች። ቁመቷ ከደረቴ አይደርስም። ሻንጣዋ ከሷ ይበልጣል። ፊቷን አቧራ ውጦታል፤ ያም ሆኖ ለሁላችንም ጎንበስ እያለች ሰላምታ ሰጠች። አቶ ገሰሰ መኪናውን ዞረው አዩ፤ ዋናዋ ነርስ ከኋላ ያለች መስሏቸው ነው።

ስሟ ሉዝ፣ አገሯ ፊሊፒንስ ነው። ከነርስ ትምህርት ቤት ከወጣች ገና ዓመትም አልሞላት። ታሪኳን ቀስ በቀስ ነገረችኝ። በአገሯ ነርስ በየዓመቱ ይመረቃል፤ ሥራው ግን ለሁሉ አይዳረስም። ጓደኞቿ ወደ አሜሪካ ሄዱ። የአሜሪካ ሐኪም ቤት ደግሞ ልምድ አምጪ አላት። ልምዱን ማን ይሰጣታል? ስትፈልግ ስትፈልግ አዲስ አበባ ቦታ አለ ተባለች። ከአባቷ ሞት በኋላ ታናናሾቿ እሷን ነው የሚያዩት፤ እሺ ብላ ባሕር ተሻገረች። አዲስ አበባ ስትደርስ ቦታው በሌላ ሰው ተይዟል። በጌምድር ግን ክፍት ቦታ አለ አሏት። በካርታ ብታይ አጠገቡ ሰፊ ሐይቅ አለ። እሷ የደሴት ልጅ ናት፤ ዓሣ ልበላ ነው ብላ ደስ አላት። እስቴ ስትደርስ ያገኘችው ሽሮ ነው።

ወሬው ገበያ ለገበያ ዞረ። ፊሊፒንስ ያልኩት ካህናቱ ጆሮ ሲደርስ ፊልጵስዩስ ሆነ። ጳውሎስ መልእክት የጻፈላቸው ሰዎች አገር። ሉዝ ደግሞ ሎዛ ሆነች፤ ያዕቆብ መሰላሉን ያየባት የቤቴል የድሮ ስሟ። ከፊልጵስዩስ የመጣች ሎዛ። ላርም አስቤ ነበር፤ ከዚህ የተሻለ ስም ከየት አመጣላታለሁ ብዬ ተውኩት።

ሰው ሊያያት ጎረፈ፤ ከስማዳ፣ ከወገዳ ገበያ ሳይቀር። ሊታከም ግን ማንም አልመጣም። አሮጊቶቹ ፀጉሯን ዳብሰው፣ የማን ልጅ ናት፣ ለማን ልትዳር ነው ብለው ይሄዳሉ። አቶ ገሰሰ ተበሳጩ። ቋንቋ የማታውቅ ነርስ ምን ታደርግልኛለች አሉ። እስከ ፋሲካ አይቼ ካልሆነች ወደ መጣችበት እመልሳታለሁ ብለው ቆረጡ። ይህን ስተረጉምላት መርፌ እያጠበች ነበር። ማጠቧን ቀጠለች። ቆይታ፣ እንዲህ ሆና አገሯ ብትመለስ እናቷ ጎረቤቱን በምን ዓይን እንደምታይ ጠየቀችኝ። ውሃውን ደፍቼ ሌላ አመጣሁላት።

ዐቢይ ጾም ገባ። በዚያ ሰሞን ከወደ ጋይንት፣ ከቤተ ልሔም በኩል፣ ስለ መሪጌታ ፍሬስብሐት ትልቅ ዝና ተሰማ። መሪጌታ ድጓ የሚያስተምሩ ሊቅ ናቸው። ጾሙ ከገባ ወዲህ አልቀመጥም ብለዋል ተባለ። ቆመው ያስተምራሉ፣ ቆመው ይበላሉ። ተማሪዎቹ ከመምህራችን አንበልጥም ብለው እነሱም ቆሙ። አንዳንዱ እያዜመ ይንገዳገዳል አሉ። አገሩ ሁሉ የዚህን ዘመን ጻድቅ አየን አለ።

ከዕለታት አንድ ቀን መሪጌታ ራሳቸው ጤና ጣቢያችን ከተፍ አሉ። የተጫነች በቅሎ እየጎተቱ፣ ያን ሁሉ አገር በእግራቸው መጥተዋል። በመንገድ ያያቸው ሁሉ ስለ ትሕትናቸው አልቅሷል። ምን ሆነው ነው መሪጌታ ብላቸው፣ ራሴን አሉኝ። ከዚያ የፊልጵስዩሷን ልጅ ብቻዋን እንደሚፈልጓት ነገሩኝ። ላስተርጉም ብዬ ተጠጋሁ።

«አማርኛ አትሰማም አይደል?» አሉኝ።

«ኧረ ምንም አትሰማም፣ መሪጌታ።»

«እንግዲያው አንተ ውጣና በቅሎዬን ያዝ።»

ወጣሁ። በቅሎዪቱን ይዤ ቆምኩ። ከውስጥ አንድ ጊዜ የማቃሰት ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ በግዕዝ የተጀመረ ጸሎት፣ መሀሉ ላይ የተቋረጠ። ሲወጡ ፊታቸው በርቷል። በቅሎዋን ተቀበሉኝ፣ እግራቸውን በእርካቡ አስገቡ፣ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ተቀምጠውም ፈገግ አሉ። እኔም ገብቼ መግል የሞላውን ሳህን ሳጥብ ከምን ያህል ብጉንጅ ጋር ሲሟገቱ እንደከረሙ ገባኝ። የት ላይ እንደነበረ መቼም ልንገራችሁ አይገባም።

ሰው ወሬውን የሰማው ከኔ አይደለም። በእውነት ነው የምላችሁ። መሪጌታ ራሳቸው ለፊታውራሪ አየነው ነገሯቸው፤ ስለ ብጉንጁ ሳይሆን ስለ ልጅቱ። እጇ እንደ ላባ ነው፣ ደግሞ አንድ ቃል አትሰማም አሏቸው። ፊታውራሪ ጦር ሜዳ የዋሉ፣ ስማቸው የሚያስፈራ ሰው ናቸው። መርፌ ግን አይችሉም። በማግስቱ መጥተው እኔን አስወጡኝ። በር ላይ ሆኜ እናቴን፣ እናቴን የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሲወጡ ሽጉጣቸውን እያስተካከሉ ነበር። ቀጥሎ እከክ የያዛቸው ዳኛ መጡ። ቀጥሎ ኪንታሮቱን ለሚስቱ ሳይነግር የኖረ ነጋዴ። ሁሉም ራሱን ነው ያመመው። ሁሉም እኔን ያስወጣኛል። እሷ በእጅ ምልክት ትጠይቃለች፣ እነሱም ያለ ኀፍረት ያሳያሉ። ፋሲካ ሲደርስ አቶ ገሰሰ እመልሳታለሁ የሚለውን ሐሳብ ረስተውታል፤ እንዲያውም እሳቸውም አንድ ከሰዓት በኋላ እኔን ለመልእክት ልከው በሩን ዘግተዋል።

እሷ ግን አማርኛ ካልቻልኩ ያባርሩኛል የሚለው ፍርሃት አልለቀቃትም። አስተምረኝ አለችኝ። አስተማርኳት። ጎበዝ ነበረች። በተለይ አንቱታውን አልሳተችም።

ከፋሲካ በኋላ የደብሩ ንግሥ መጣ። ዳስ ተጣለ፣ ታላላቁ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። መሪጌታም በክብር ተጠርተው መጡ። ሎዛ ነጠላዋን አጣፍታ ገባች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ቀጥ ብላ ወደ መሪጌታ ሄደች፣ ጎንበስ አለች፣ ጥርት ባለ አማርኛ፦

«መሪጌታ፣ እንደምን ሰነበቱ? አሁን በደንብ መቀመጥ ቻሉ?»

በጾሙ ስለ መሪጌታ መቆም ያልሰማ እዚያ አልነበረም። ዳኛው አንገታቸውን ያኩ ነበር፤ እጃቸው እንደተሰቀለ ቀረ። መሪጌታ «በጸሎትሽ፣ ልጄ» አሉና ጠላቸውን ጨለጡ። እሷ ደስ ብሏት ቀጣዩን ሰው ለመጠየቅ ዞር ስትል፣ ቀጣዩ ፊታውራሪ አየነው ነበሩ። ፊታውራሪ የሉም። በዳሱ ጀርባ ወጥተዋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ወንድ አልመጣም። ድፍን እስቴ ጤነኛ ሆነ። ሎዛ ምን እንዳጠፋች አልገባትም፤ ሰዋስው የሳተች መስሏት አንቱታውን ደጋግሜ እንዳስጠናት ጠየቀችኝ። አቶ ገሰሰ እንደገና እመልሳታለሁ ማለት ጀመሩ። እውነቱን ለመናገር አዘንኩላት። ቋንቋ ባለማወቋ ልትባረር የነበረች ልጅ፣ አሁን በማወቋ ልትባረር ነው።

ያዳነቻት ስንዱ ናት። ስንዱ የከሰል ነጋዴ ሚስት ናት፤ ወልዳ ወልዳ አንድም ያልቆመላት። ልጅቱ አማርኛ ትሰማለች የሚለውን ሰምታ መጣች። ተጠራጥሬ፣ ቀድሞ ለምን አልመጣሽም ብላት፣ «ያኔ ብመጣ ላንተ ነበር የምናገረው» አለችኝና በሩን በፊቴ ዘጋችው። ሲያወሩ ረጅም ጊዜ ቆዩ። ስንዱ ስታለቅስ ሰማሁ፤ ሎዛ ደግሞ በለዘበ አማርኛ፣ እሺ፣ ከዚያስ፣ እሺ ስትል። ከዚያ ሴቱ መጣ። ከየገጠሩ፣ አንዳንዷ ሕመሟን ለእናቷ እንኳ ሳትነግር ዓመታት የኖረች። ለካ ወንዱ የሚፈልገው የማትሰማ ነርስ፣ ሴቷ የምትፈልገው የምትሰማ ነርስ ኖሯል። ስንዱም ፀነሰች። ሎዛ ከወር እስከ ወር ተከታትላ በራሷ እጅ አዋለደቻት። ልጁ ቆመ። ስሙን ፊልጶስ አሉት። አቶ ገሰሰ ሎዛን ቋሚ ሠራተኛ አደረጓት፤ እንዲያውም ከመጀመሪያው ያመጣኋት እኔ ነኝ ማለት ጀመሩ።

ይህ ከሆነ ዓመት አለፈ። ግንቦት መጨረሻ ላይ የጓደኛዋ መልእክት ደረሳት፤ ልምድሽ ተቆጥሮልሻል፣ አሜሪካ ቦታ ተገኝቶልሻል የሚል። ሎዛ አለቀሰችም፣ ሳቀችም። ክረምት ሳይገባ የመጨረሻው የጭነት መኪና ወደ ደብረ ታቦር ሊሄድ ነው። ሻንጣዋን ጫንን፣ ሴቱ ሊሸኛት ተሰበሰበ። የቤት አከራይዋ እሜቴ ጥሩወርቅ የት ልትሄድ እንደሆነ ጠየቋት። ሎዛ ውጭ አገር ልትሠራ እንደምትሄድ፣ ከመጀመሪያውም ሐሳቧ ይኸው እንደነበረ ነገረቻቸው።

እሜቴ በእውነት ግራ ገባቸው። «ልጄ፣ አሁን ያለሽው የት ሆኖ ነው?» አሏት።

ሎዛ ወደኔ ዞረችና ተርጉምልኝ አለችኝ። ከኔ በላይ ገብቷት ነበር። እኔም ልተርጉም ብዬ ጀመርኩ፣ ግን ያ ነገር በእንግሊዝኛ አይሆንም። እንዲህ ስል፣ አይደለም ስል፣ እሷ ስትስቅ፣ እንባዋን ስትጠርግ፣ ሴቶቹ ሻንጣዋን አውርደው እንቁላልና ቅቤ ሊጨምሩበት ሲከፍቱት፣ ሹፌሩ ሰለቸው። ሲሄድ ያየነው አቧራውን ነው።

ዝናቡ ጣለ፣ መንገዱ ተዘጋ። የአሜሪካው ቦታም አልጠበቃትም። ሎዛ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት እስቴ ሠራች። በኋላ አንድ ትልቅ ሰው ከጠቅላይ ግዛቱ መጥተው ሸለሟት። ሕዝባችንን ከማፍቀሯ የተነሳ አሜሪካን ንቃ የቀረች ብለው ንግግር አደረጉ። ሰው አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ሎዛ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ በእንግሊዝኛ፣ «መኪናው አምልጦኝ ነው በላቸው» አለችኝ።

አልተረጎምኩትም።