ይሉኝታ የማያውቀው ደም

ሐኪም ቤት ሰውን የሚያስከብረው ጩኸት ነው ብዬ አምን ነበር። ቀስ ብሎ ያቃሰተ ወረፋ ይጠብቃል፤ ጣሪያ የሚነቅል ድምፅ ያለው ግን አልጋ ያገኛል። እኔ ደግሞ መምህር አይደለሁ? በድምፅ አልታማም።

አንድ ቀን ከሶዶ ገበያ ስንመለስ ባጃጃችን ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠች። አብረውኝ የነበሩት ጎረቤቴ ጋሽ ዳና፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። እኔ ቅንድቤ ተሰነጠቀና ሸሚዜ በደም ራሰ፤ እሳቸው ላይ ከአቧራ በቀር ጭረት እንኳ አልታየም። ሐኪም ቤት እስክንደርስ እኔ ለልጆቼ ስናዘዝ፣ እሳቸው ያጽናኑኝ ነበር።

አልጋው ለእኔ ሆነ፤ ጋሽ ዳና አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወጣቱ ሐኪም እንዴት ነዎት ቢላቸው፣ ግራ ጎናቸውን ደገፍ አድርገው፣ ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ አሉ። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በወላይታቶ ቢጠይቃቸውም ያው፣ «ሳሮ»፣ ሰላም ነው። ለመሆኑ እንዴት ነዎት ተብሎ ደህና አይደለሁም የሚል ሽማግሌ ማን አይቷል? ሰውየው ምርመራውን ሰላምታ አደረጉት። ሆድ ይፍጀው ማለት ይሄ ነው።

ሐኪሙ ግን፣ አደጋ ለደረሰበት ሁሉ የተለመደ ነው ብሎ ከሁለታችንም ደም አስወሰደ። መርፌውን ሳይ መጮኼን አልደብቅም። ውጤቱ ሲመጣ የእኔ ደም ሙሉ፣ የጋሽ ዳና ትንሽ ዝቅ ያለ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲደገም ይበልጥ ወረደ። ደም ምን ይሉኝታ አለው? ባለቤቱ የካደውን ሁሉ ለወረቀቱ ተናገረ። ለካ ጣፊያቸው ተቀዶ ሆዳቸው ውስጥ ይደሙ ኖሯል፤ ትንሽ ቢቆዩ ደህና ነኝ እንዳሉ ሊሞቱብን ነበር። እሳቸው ወደ ቀዶ ጥገና፣ እኔ ወደ አግዳሚው ወንበር ተዛወርን። ፈራሁ፤ አፈርኩም። ለካ የተኛሁት በእሳቸው አልጋ ላይ ነው።

ደም ያስፈልጋል ተባለ፤ ዘመዶቻቸው ደግሞ ያሉት ራቅ ብሎ፣ ቦምቤ ከተማ ነው። የማን ገጠመ? ያ ሙሉ የተባለው የእኔ ደም። ሰጠሁ። ሳልጮህ ሰጠሁ እንዳልል ነርሷ ምስክር አለች።

ጋሽ ዳና ድነው ቤታቸው ገቡ። ልጠይቃቸው ሄጄ እንዴት ነዎት ብላቸው፣ ወይ ጎኔ፣ ወይ ወገቤ፣ ትራሱም ቆረቆረኝ እያሉ ግማሽ ሰዓት ዘረዘሩልኝ። ባለቤታቸው እትዬ አስቴር እስከ በር ሸኙኝና ቀስ ብለው ወቀሱኝ። ሠላሳ ዓመት አብሬያቸው ስኖር አንድ ቀን አቃስተው አያውቁም፤ ምነው ልጄ፣ ደሙን ስትሰጥ ጩኸቱን እንኳ ብታስቀርልን፣ አሉኝ።