ለሐኪም «ደህና ነኝ» የሚል በሽተኛ

አማቴን ለደም ግፊታቸው ክትትል ይዤ የምሄድበት አንድ ተራ ቀን የሚያስወጣኝን ልንገራችሁ። መሄጃ ሁለት ታክሲ፣ መመለሻ ሁለት ታክሲ፤ ልጄ ጀርባዬ ላይ ሆና እንዳታለቅስ የምገዛላት ብስኩት፤ ሳይሰፋ የሚያድር የሰው ዩኒፎርም፤ «ነገ ይደርሳል» እያልኩ የማባብለው የዩኒፎርሙ ባለቤት ኩርፊያ። ይህ ሁሉ ወጥቶ ምርመራ ክፍሉ ስንደርስ፣ ክብርት አማቴ «ምን ያምዎታል?» ሲባሉ የሚመልሱት አንድ ነው፤ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ።»

በየቤቱ እንዲህ ያለ በሽተኛ አለ። የሌለበት ቤት ካለ ወይ ሰው አይኖርበትም፣ ወይ በሽተኛው እናንተው ናችሁ። ቤት ውስጥ «ወገቤን፣ ራሴን፣ ጉልበቴን» ሲሉ የሚውሉት ሰው ነጭ ጋዋን ሲያዩ ድንገት ይፈወሳሉ። ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ ፈገግ ይላሉ፣ የሐኪሙን እናት ጤንነት ይጠይቃሉ። ለምርመራ ሳይሆን ለእንግድነት የመጡ ይመስላሉ።

አማቴ የዚህ ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ታላቅ እህታቸውን አልጋ ላይ ያስቀረው ግፊት እሳቸውም ላይ አለ፤ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ እኛም እናውቃለን፣ እሳቸውም ያውቃሉ። ግን ሕመም ከመናገር በፊት መተዋወቅ ይቀድማል ባይ ናቸው። የተዋወቋት ደግሞ አንዲት ነርስ ብቻ ናት፤ እሷም ያለችው ሁለት ታክሲ ተይዞ የሚደረስበት ጤና ጣቢያ ነው። «የኔዋ ሲስተር» ይሏታል፣ በካርኒ የተረከቧት ይመስል።

የኔዋ ሲስተር ጋ መጀመሪያ ሰላምታ ነው። ከዚያ የሲስተር ወገብ። ከዚያ የአማቴ ግፊት ነው ስትሉ፣ የጎረቤታችን ልጅ ትዳር ይነሳል። ሲስተር የመለኪያውን ጨርቅ ክንዳቸው ላይ እየጠቀለለች «ታዲያ ታረቁ ወይስ እንደተኳረፉ ናቸው?» ትላለች። ውጭ የተሰለፈው ሰው በበሩ ክፍተት ያያል፤ የሚያየው ደግሞ እኔን ነው። አንዱ ሰውዬ ጉሮሮውን ይጠርግና «እዚህ ክፍል የሚሰጠው ሕክምና ነው ወሬ?» ይላል። እኔ ጫማዬን አያለሁ።

አንድ ቀን ምርር አለኝ። ከቤታችን ጀርባ አዲስ ክሊኒክ ተከፍቷል። ንጹሕ ነው፣ ወንበሩ ምቹ ነው፣ ወረፋ የለም። «እማማ፣ ግፊት እንደሆነ የትም ቢለካ ያው ግፊት ነው» አልኳቸው።

«እንዳልሽ» አሉ። አማቴ «እንዳልሽ» ሲሉ መጠርጠር ነበረብኝ።

ወጣቱ ነርስ ጨዋ ልጅ ነው። ተነስቶ፣ ደግፎ አስቀመጣቸው።

«እማማ፣ ምን ይሰማዎታል?»

«ተመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ።»

«ኪኒኑን በየቀኑ ይወስዳሉ?»

«እንዴታ።»

«ማዞርስ? ራስ ምታት?»

«እሱንስ ለጠላቴም አይስጠው።»

ግፊቱን ሲለካ ፊቱ ተለወጠ። መድኃኒት በየቀኑ እየተወሰደ ግፊቱ እንዲህ ከወጣ፣ መድኃኒቱ አልበቃም ማለት ነው። ልጁ ምን ጥፋት አለበት? የነገሩትን ይዞ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገረ። የድሮው ኪኒን በእጥፍ አደገ፣ ሌላ ኪኒን ተጨመረበት፤ የደም፣ የኩላሊት፣ የልብ ምርመራ ታዘዘ። ከታክሲ ያዳንኩት ገንዘብ ሄደ፤ ብቻውንም አልሄደ፣ ለዩኒፎርም ጨርቅ ያስቀመጥኩትን አስከትሎ ነው። አማቴ ከጎኔ ሆነው «ጎበዝ ልጅ፣ ይባረክ» ይላሉ።

እኔ ደግሞ ገንዘብ ያወጣሁበት ነገር ሜዳ ላይ ሲቀር ዝም ብዬ የማይ ሴት አይደለሁም። ኪኒኑንና ውሃውን ይዤ ፊታቸው እቆማለሁ፤ እስኪውጡ ንቅንቅ የለም። እንዲህ ስናደርግ ሰንብተን አንድ ጠዋት ከወንበራቸው ብድግ ሲሉ ጉልበታቸው ከዳቸው። ሮጬ ስደርስ ስፌት መኪናዬ ሥር ተዘርረዋል፤ ከንፈራቸው ነጥቷል። ዓይናቸውን ሲገልጡ የመጀመሪያ ቃላቸው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ደህና ነኝ።» ሁለተኛው «ወደ ሲስተሬ ውሰጂኝ» ነበር። ኮንትራት ታክሲ ያዝኩ።

ሲስተር አስተኛቻቸው፣ ለካቻቸው፣ ግፊታቸው ከልክ በታች ወርዶ ስታገኘው ሐኪሙን አስጠራች። ከዚያ ወንበር ሳብ አድርጋ አጠገባቸው ተቀመጠችና ሰላምታ ጀመረች።

«ሲስተር፣ ወድቀው እኮ ነው የመጡት» አልኳት ጥርሴን ነክሼ።

«አይቻለሁ። አንቺ ቁጭ በይ።»

ወገቧ እንዴት እንደሆነ ተጠየቀች፣ መለሰች። የጎረቤታችን ልጅ ትዳር ተነሳ። በመሃል «ደህና ነኝ» ተባለ፣ ትንሽ ቆይቶ ተደገመ። ሲስተር አልቸኮለችም፤ እጃቸውንም አልለቀቀችም። አማቴ አንዴ ደግመው «ደህና ነኝ» አሉና፣ ወደ እኔ ሰረቅ አድርገው አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ግን ያንን የድሮውን የማታ ኪኒን፣ ሕፃኗ ጥርስ ማብቀል ከጀመረች ወዲህ ትቼው ነበር እኮ።»

«ለምን እማማ?»

«ሽንት ያመላልሰኛል። ሽንት ቤቱ ግቢው ጫፍ ነው፤ በጨለማ ብቻዬን አይሆንልኝም። ይቺ ልጅ ስትሰፋ አምሽታ፣ ሕፃኗ ስትቀሰቅሳት ታድራለች። እኔ ደግሞ ልጨመርባት?»

እኔ የብስኩት ፍርፋሪ ከቀሚሴ ላይ ማራገፍ ጀመርኩ። ያን ያህል የሚራገፍ ፍርፋሪ ግን አልነበረም።

ሐኪሙ የተጨመረውን ኪኒን አስቆመ፤ የድሮውን ወደ ድሮው መጠን መለሰና ማታ መሆኑ ቀርቶ ጠዋት ከቁርስ ጋር እንዲሆን አዘዘ። ይኸው ነው። አዲስ ምርመራ የለ፣ አዲስ መድኃኒት የለ። ከዚያ ወዲህ ግፊታቸው ልኩን ይዟል።

ስንወጣ «ታዲያ ለዚያ ልጅ ለምን አልነገሩትም?» አልኳቸው።

«ገና በቅጡ ሳንተዋወቅ ስለ ሽንቴ ላውራው? ነውር አይደለም እንዴ?»

«እሺ፣ እኔስ? እኛስ አልተዋወቅንም?»

«ካንቺ ጋርማ ከመጠን በላይ ተዋውቀናል፤ ችግሩም እሱ ነው» ብለው ሕፃኗን ከጀርባዬ ተቀበሉኝ።

ባለፈው ቀጠሮ የሲስተር በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ነርሶች በየወሩ ክፍል ይቀያየራሉ፣ ለአንድ ታካሚ የሚሰጠው ጊዜም ያጥራል ይላል። «አንብቢልኝ» አሉኝ፣ አነበብኩላቸው። መንገዱን ሁሉ በታክሲው መስኮት ሲያዩ ቆይተው፣ ልንወርድ ስንል «ግድ የለም፣ እኔ እንደሆነ ደህና ነኝ» አሉ። እንደዚያ ቀን ደንግጬ አላውቅም፤ ሲወድቁም ያን ያህል አልደነገጥኩ።

ወረቀቱን የጻፋችሁ ሰዎች፣ ይህን ካነበባችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቁጠባ ምን እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፤ ቆጥቤ ምን እንዳገኘሁ ነግሬአችኋለሁ። ሲስተርን እዚያው ክፍል ተዉልን። መቀየሯ ግድ ከሆነም፣ አዲሷን ነርስ ለጥቂት ጊዜ ከጎኗ አስቀምጡልን። እኚህን ሴትዮ ገና እፈልጋቸዋለሁና፣ የአዲሷን ነርስ እናትና አባት ደህንነት ጠይቀው እስኪጨርሱ ድረስ እባካችሁ አታስቸኩሉብኝ።