የጋሼ ጥንቱ አሥራ አራት ወንበሮች

በቤተሰቡ የጥንት ዕቃ ነጋዴ የሌለበት ሰው፣ ወንበር ላይ መቀመጥን እንደ ቀላል ነገር ይቆጥረዋል። እኔ አልቆጥረውም። የእህቴ ባል ይህን ንግድ ከያዙ ሠላሳ ዓመታቸው ነው፤ ሰፈሩም «ጋሼ ጥንቱ» ይላቸዋል። ሳሎናቸው ውስጥ አሥራ አራት ወንበሮች አሉ፤ እንግዳ ግን የሚቀመጠው የመስኮቱ ደፍ ላይ ነው። ወደ አንዱ ጠጋ ካልክ ጓዳ ሆነውም ያውቁብሃል፦ «እሱ ላይ አይደለም!»

ክቡርነታቸው ሲገዙ ዕቃው «አሮጌ» ነው፤ ሲሸጡት «ጥንታዊ» ይሆናል። በመሀል የሚደረግለት ነገር ቢኖር በጨርቅ ወልወል ማድረግ ነው። ምሳ ከጋበዝካቸው የት እንደተሠራ ለማወቅ ሳህኑን ገልብጠው ያያሉ። እኔ ቤት ሾርባው ሳያልቅ ገለበጡትና ሱሪያቸው ጠጣው። «አይዞህ፣ ሳህኑ ተራ ነው» ብለው እኔኑ አጽናኑኝ። ሆስፒታል የተኛ ጎረቤት ሊጠይቁ ሄደው ደግሞ የአልጋውን እግር ለመመርመር ተንበረከኩ፤ በሽተኛው የሚጸልዩለት መስሎት አሜን፣ አሜን ይል ነበር።

እህቴ ይህን ሁሉ ስቃ ታልፈው ነበር። ዘንድሮ ግን ወገቧን ያማት ጀመር። ሐኪሙ ደህና መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ እንድትቀመጥ አዘዛት። አሥራ አራቱ ወይ ይንገዳገዳሉ፣ ወይ አይነኩም። ባሏ ለግዢ ወደ ውጭ ሊሄዱ ሻንጣቸውን ሲዘጉ በሩ ላይ ቆመች።

«ስማኝ፤ አንድ አሮጌ ወንበር ጨምረህ ብትመጣ ልጄ ጋ እገባለሁ። ከወንበሮችህ ጋር ኑር።»

«ለሰዓቷ ነው የምሄደው» አሉ። ሰባት ዓመት በደብዳቤ ያሳደዷት የግድግዳ ሰዓት አለች፤ ባለቤቱ በስንት ልመና ልሽጣት ብሎ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ልቀበላቸው አውሮፕላን ማረፊያ ሄድኩ። ጋሪው ላይ ቁመቴን የሚያህል ካርቶን ጭነዋል፤ በአንድ ጥጉ የወንበር እግር ብቅ ብሏል።

«ጋሼ፣ ምነው?»

«ንዳ» ብቻ አሉኝ።

እህቴ ካርቶኑን አየችና ልብሷን ልትሰበስብ ወደ መኝታ ቤት ገባች። እሳቸው በቢላ ቀደዱት። የወጣው ወደ ኋላ የሚጋደም፣ መደገፊያው ወፍራም፣ ላስቲኩ እንኳን ያልተነሳለት አዲስ ወንበር ነው። ዋጋው ሳይቀር ተለጥፎበታል።

«ነይ፣ ተቀመጪበት» ብለው ተጣሩ።

መጣችና ቀስ ብላ ተቀመጠች። ወገቧ ሲያርፍ ፊቷ ሲፈታ አየሁት። ከዚያ ወደ ባዶው ካርቶን አየች።

«ሰዓቷስ?»

«ጭነቱ ለአውሮፕላኑ በዛ፤ ከሁለት አንዱን ምረጥ አሉኝ።»

«ሰባት ዓመት ለፍተህባት?»

ጋሼ ጥንቱ ጎንበስ ብለው ላስቲኩን ከወንበሩ እግር እየላጡ፣ «እሷማ መቶ ዓመት ቆይታለች፣ ሌላም ትቆያለች» አሉ። «ያንቺ ወገብ ነው የማይቆየው።»

ስንት ዓመት ሳማቸው የኖርኩትን አማቼን፣ ያን ዕለት አንገታቸው ላይ ተጠምጥሜ ሳምኳቸው።