ከሁለተኛው ገምጋሚ ጋር የታረቅሁበት ሽምግልና

የማወራላችሁ ነገር ጊዜያችሁን የሚክስ ስለሆነ ተደላድላችሁ ተቀመጡ። ስለ አየር ንብረት ለውጥ ፖሊሲ ነው። የት ትሄዳላችሁ? ቆዩ እንጂ፣ ሽምግልናም አለበት።

ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረ ሰው የሚያውቀውን ሲጠይቁት ይናገራል። በራሱ የተማረ ግን ሳይጠየቅ ነው የሚጀምረው። አይፈረድበትም፤ ማርክ የሚሰጠው አስተማሪ ስለሌለው ባገኘው ሰው ሁሉ ፊት ተፈትኖ ማለፍ አለበት። እኔ ከእነዚህ ወገን ነኝ። ካርቱም፣ ጀሪፍ ሰፈር፣ ከዓባይ ብዙም በማይርቅ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሞባይል እጠግን ነበር፤ ጊዜው ጦርነቱ ሳይመጣ፣ ትልቁ ጭንቃችን ገና ውሃ በነበረበት ዘመን ነው። ስክሪን ልታስቀይር የመጣች ሴት ስክሪኑ እስኪገጠም ስለ ምድር መሞቅ ትማራለች። ቻርጀር ብቻ ሊገዛ የገባ ምስኪንም ስለ ካርቦን ገበያ ሳይሰማ አይወጣም። ሰፈሩ «ፕሮፌሰሩ» ይለኝ ነበር፤ እኔም አቤት እላለሁ። ሽሙጥ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

አንድ ቀን በአየር ንብረት ፖሊሲ ላይ የሚሰጥ ነፃ ኮርስ ኢንተርኔት ላይ አገኘሁ። ዲግሪ አይጠይቅም። የሚጠይቀው በምርምር መጽሔት ላይ የታተመ አንድ ጽሑፍ ብቻ ነው። ለእኔ ቢጤው ከዚህ ሌላ በር እንደማይከፈት ስለማውቅ ሌላ ሐሳብ ሁሉ ጠፋብኝ። በጀሪፍ ስለሚደርሰው ጎርፍና ስለ ማስጠንቀቂያው ጉዳይ ጽፌ፣ እዚያው ካርቱም ለሚታተም አንድ መጽሔት ላክሁ።

አሠራሩን ለማታውቁ ላስረዳ። መጽሔቱ ጽሑፋችሁን ለሁለት ምሁራን ይሰጣል፤ እነሱ ያዩታል፣ ማን እንደሆኑ ግን አይነገራችሁም። የእኔን የመጀመሪያው ገምጋሚ ወደደው። ሁለተኛው «ጸሐፊው ወደ ጉዳዩ የሚገባው እጅግ ዘግይቶ ነው፤ አይታተም» አለ። አዘጋጁ ለሁለተኛው አደላ።

ያን ሰሞን የኢትዮጵያውያኑ እድራችን ሲሰበሰብ ብሶቴን አወጣሁት። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ደምሴ ካርቱም ኖሮ ያረጀ ጎማ ጠጋኝ ነው። ያስገረመው የጽሑፌ መውደቅ አልነበረም፣ እሱንስ ጠብቆት ነበር መሰለኝ። የገረመው የሰውየው መደበቅ ነው። በእኛ እድር የሚቃወም ሰው ተነሥቶ፣ ስሙ ተጠርቶ፣ ዓይን ለዓይን እየተያየ ነው የሚቃወመው። ሳይንስ እንደዚህ እንደሆነ፣ ጠብ እንዳልሆነ ላስረዳው ሞከርሁ።

«ተደብቆ የሚነቅፍ ሰው የተቀየመ ነው» አለኝ። «የተቀየመ ደግሞ ሽማግሌ ይላክበታል። አንተ ዝም በል፣ አንተ ባለጉዳይ ነህ።»

መጽሔቱ ላይ ያለው ስም የአዘጋጁ ብቻ ነው። ስሙን ጮክ ብዬ ሳነብ ከሴቶቹ በኩል የወሎዋ ዘሃራ «ይሄማ የኔ ዱክቱር ነው» አለች። አል-ጣኢፍ የሚባል ሰፈር፣ እሱ ቤት ነው የምትሠራው። ጠይቃልን ዓርብ ከሰዓት ኑ ተባልን። ለእኔ ያስተላለፈችው ተጨማሪ መልእክት ሸሚዜን እንድተኩስ ነበር።

ጋሽ ደምሴ፣ ሌላው የእድራችን ሽማግሌ ሼህ ሰይድና እኔ ሃፍላ በሚሉት የካርቱም አውቶቡስ ተጋፍተን ሄድን። ዱክቱሩ በነጭ ጀለቢያ ተቀበለን፤ ዘሃራ ሻይ አቀረበች። ጋሽ ደምሴ ተነሥቶ፣ በዚያ ባማረ አረብኛው፣ በሰላም ደጁን ለከፈተልን ቤት ምስጋና አቅርቦ፣ ለትልቅ ጉዳይ እንደመጣንና ልጁም ጨዋ እንደሆነ ተናገረ። ዱክቱሩ የተተኮሰ ሸሚዜን አየ። ከዚያ ዘሃራን አየ። ፈገግ ብሎ እሷ ራሷ ፈቃደኛ ከሆነች እሱ ምንም ተቃውሞ እንደሌለው ገለጸ። ዘሃራ ትሪዋን ይዛ ወደ ጓዳ ሮጠች፤ የሳቋ ድምፅ እስከ ሳሎን ይሰማ ነበር።

የመጣነው ለጽሑፍ እንጂ ለጋብቻ እንዳልሆነ ከተነገረው በኋላ ዱክቱሩ እየተገረመ ጽሑፉን በአረብኛ እንዳስረዳው ጠየቀኝ።

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም።

ከፀሐይ ጀመርሁ። ከፀሐይ ወደ ውቅያኖስ፣ ከውቅያኖስ ወደ ደመና ሄድሁ፤ በዓለም አቀፍ ስምምነቶች በኩል ዞሬ ወደ ዓባይ ምንጭ ስመለስ ሼህ ሰይድ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ሻዩ አለቀ። ውሃው ገና ድንበር አልተሻገረም።

«ልጄ» አለ ጋሽ ደምሴ፣ «ጀሪፍ መቼ ነው የምንደርሰው?»

ደንግጬ ወደ መጨረሻው ዘለልሁ። ማስጠንቀቂያው በሬዲዮ በአረብኛ ብቻ እንደሚነገር፣ ትናንት ከአገር የመጣች ሠራተኛ ግን አረብኛ እንደማትሰማ፣ ስለዚህ በየቋንቋው በድምፅ ተቀድቶ በእድሮች በኩል በስልክ ቢላክ እንደሚደርሳት ነገርሁት። ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ ሐሳብ ጽሑፉ ውስጥ የለም።

ዱክቱሩ ቀና አለ። «ይሄ ጥሩ ነው። የት ነበር?»

«የመጨረሻው ገጽ ላይ።»

«እስከዚያ አልደረስኩም» አለና አፉን ያዘ።

አዘጋጅ ገጽ ቆጥሮ ለገምጋሚ ያስተላልፋል እንጂ ራሱ አንብቦ አይፈርድም። ጋሽ ደምሴ እንደ ጥፋተኛ ሳይሆን እንደ ጠፋ ዘመድ አየውና «ሁለተኛው እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለው። ሰውዬው አልካደም። ገምጋሚ የሚሆን ሰው በማጣቱ ራሱ እንዳየው ተናዘዘ።

እንግዲህ ተከሳሹ ተገኘ፣ ዳኞቹ የእኔ፣ ፍርዱም የእኔ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ሼህ ሰይድ ነቅተው ክርክሩ ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ ጋሽ ደምሴ፣ ጸሐፊው ወደ ጉዳዩ ዘግይቶ ይገባል ተብሎ ነው አላቸው።

«እውነቱን ነዋ» አሉ ሼህ ሰይድ። «ይሄ ልጅ ስብሰባ ላይም እንዲሁ ነው።»

ፍርዱ በሁለታችንም ላይ ወደቀ፤ ዱክቱሩ ሳይጨርስ ስለፈረደ ጽሑፉን እንደገና እንዲያነብ፣ እኔ ደግሞ ጀሪፍ እስክደርስ ያለውን ሁሉ እንድቆርጥ። ተነሥተን ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ስቆርጠው ሁለት ገጽ ቀረ፤ «አጭር ማስታወሻ» ተብሎ ወጣ። ኮርሱም ስለ ርዝመት ስላልጠየቀ ተቀበለኝ።

እናንተም ተመልሶ የመጣባችሁ ጽሑፍ ካለ ሽማግሌ ሰብስቡና ሻይ ቅዱላቸው፣ ከዚያ አንብቡላቸው። ብርጭቆው ባዶ ሲሆን ገና ደመና ላይ ከሆናችሁ፣ ገምጋሚውን አትውቀሱ። ዛሬውኑ ሞክሩት፤ የሚያማችሁ የመጀመሪያው ብርጭቆ ብቻ ነው።