አንቀጽ አራት የቆመበት መደብ

የራሱን ሥልጣን በገዛ እጁ የሚቆርጥ ሹም ብርቅ ነው ይባላል። በእኛ ከተማ ግን ሥልጣን በጭብጨባና በእልልታ ታጅቦ፣ ለስላሳ መጠጥም ታድሎበት ተቆርጧል። የከተማዋን ስም አልጠራም። ወልቂጤዎች ሲሰሙ «ይቺማ ቡታጅራ ናት» ይላሉ፤ ቡታጅራዎችም «ይቺማ ወልቂጤ ናት» ይላሉ። ሁለቱም ይህን ሲሉ ማን እንደሚሰማቸው ዞር ብለው ያያሉ።

ባለታሪካችን የገበያ ማእከሉ አስተዳዳሪ ክቡር አቶ ዘመድኩን ናቸው። ከእሳቸው በፊት የገበያው ጽሕፈት ቤት የፈለገውን መደብ ያፈርስ፣ የፈለገውን ሸራ ይነቅል ነበር። በእሳቸውም ጊዜ እንደዚያው ነበር፤ ልዩነቱ እሳቸው ሲያደርጉት ያዝናሉ። አዝነው አዝነው አንድ ቀን ሰበሰቡንና ባለወርቅ ቀለም ሰነድ ከፍ አድርገው አሳዩን።

«ከዛሬ ጀምሮ ይህ ጽሕፈት ቤት ገደብ አለው!»

አንዷ ከኋላ «ደንብ አወጡልን ማለት ነው?» ብላ ብትጠይቅ ክፉኛ ተቆጡ።

«ደንብ የእድር ነው! ይህ የገበያው ሕገ መንግሥት ነው!»

ከአንቀጾቹ ሁሉ አራተኛው ልብ ይነካል፦ «የማንም ነጋዴ መደብ፣ ባለቤቱ ቀርቦ ሳይናገርና በቂ ምክንያት ሳይኖር፣ በማንኛውም አካል አይፈርስም።» ይህ ሲነበብ ከሁሉ አስቀድማ እልል ያለችው እትዬ አዛለች ናት። እትዬ አዛለች በዋናው መግቢያ ፊት ለፊት፣ ማእዘኗ ላይ፣ የመስቃን በርበሬ ትሸጣለች። ለመስቀል ከአዲስ አበባ የሚገባው ሰው ሁሉ ገና ከመኪና ሲወርድ የሚያየው የእሷን በርበሬ ነው። የዓመት ኑሮዋ የሚሸፈነው በእነዚያ ጥቂት የመስከረም ቀናት ነው። ታዲያ እሷ እልል ካላለች ማን እልል ይበል?

እንዲህ ያለ ሰነድ መሳቢያ ውስጥ አይጣልም። ሕዝብ ካላየው መብቱን በምን ያውቃል? ስለዚህ በሲሚንቶ መሠረት ላይ፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ እንዲቆም ተወሰነ። ሁሉም ሰው የሚያየው ቦታ ደግሞ አንድ ነው።

የጽሕፈት ቤቱ የሕግ ባለሙያ ይታገሱ ሜትር ይዞ መጣ።

«እትዬ፣ እንኳን ደስ አለዎት!»

«ምን ተገኘ ልጄ?»

«ሕገ መንግሥቱ የእርስዎን ቦታ መረጠ።»

«መርጦ ምን ሊያደርገው?»

«ሊቆምበት።»

«እኔስ የት ልቁም?»

ይታገሱ ሜትሩን ጠቀለለ። «እርስዎማ በሕገ መንግሥቱ ጥበቃ ሥር ነዎት።»

አጠገቧ ኮረሪማና ቅመም የምትሸጠው ሰፍያ ግን ዝም ማለት አልፈጠረባትም። «ስማ እንጂ፣ ያ አንቀጽ አራት የምትሉት መደብ አይፈርስም አይልም እንዴ?»

«ይላል! ለዚህ እኮ ነው በጉልህ ቦታ መቆም ያለበት። ሰው ያንብበው እንጂ!»

በማግስቱ መደቡ ፈረሰ። ፍርስራሹ ላይ ሲሚንቶ ፈሰሰ፤ ሲሚንቶው ላይ መስታወት ቆመ፤ ከመስታወቱ ውስጥ አንቀጽ አራት በወርቅ ቀለም ያበራ ጀመር። እውነቱን ለመናገር ያምራል። እትዬ አዛለች ከሥሩ ቦዩ ዳር ማዳበሪያ አንጥፋ በርበሬዋን ዘረጋች። ከመስታወቱ የሚወርደው የዝናብ ውሃ በቀጥታ እሷ ላይ ነው፤ ጥበቃው ይህን ያህል ቅርብ ነበር።

ሕገ መንግሥታችን ቅሬታ ላለው ሰውም መንገድ አበጅቷል። ቅሬታ የሚታየው በገለልተኛ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ዘመድኩን ናቸው። ገለልተኛነቱ ምንም አያጠራጥርም፤ አስተዳዳሪ ሲሆኑ የሚሽከረከረው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ኮሚቴ ሲሆኑ ተነሥተው በመስኮቱ በኩል ወዳለው አግዳሚ ይሄዳሉ።

እትዬ አዛለች አቤት አለች። ኮሚቴው ከአግዳሚው ሆኖ አስተዳዳሪውን መልስ ጠየቀ። አስተዳዳሪው ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ጊዜ ይሰጠኝ አሉ። ኮሚቴው ተሰጥቷል አለ። በመጨረሻ በትንሹ ተቆጥቶ ወሰነ፦ «አስተዳዳሪው ስህተት መሥራታቸውን ኮሚቴው በጽኑ ያምናል። ሆኖም የማስፈጸም ሥልጣን የአስተዳዳሪው በመሆኑ፣ እንዲያስፈጽሙ በትሕትና ይጠይቃል።» አቶ ዘመድኩን ከአግዳሚው ተነሡ፣ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ ውሳኔውን አነበቡ፣ በጣም አዘኑ፤ ከሥሩም «ይታይ» ብለው ጻፉበት።

«ይግባኝ በይ» አለቻት ሰፍያ።

«ለማን?»

ሰፍያ ወደ ጽሕፈት ቤቱ አየች፣ ወደ መስታወቱ አየች፣ ጭቃ የነካውን በርበሬ አየች። «ተዪው። እኛም እንግዲህ አናየውም።»

እዚህ ላይ አንድ ኋላቀር ነገር ልናገር ግድ ይለኛል። በአገራችን ቂጫ የሚባል የአባቶች ሕግ አለ። በወርቅ ቀለም ተጽፎ ያየው የለም፤ ሲመረቅ ለስላሳ አልታደለም። በድሎ ይቅርታ የማይልን ሰው አይቀጣም፣ አያስርም፤ ብቻ ሰው ሁሉ ያንን ሰው አያየውም፣ አይሰማውም። የሠለጠነ ሰው የሚስቅበት ዓይነት ነገር ነው።

መስቀል ደረሰ። የአቶ ዘመድኩን ወንድሞች ከአዲስ አበባ በሁለት መኪና ሊመጡ ነው፤ በሬው ተገዝቶ በረት ታስሯል። ሚስታቸው ወይዘሮ እየሩስ ግን ከገበያ ባዶ ዘንቢል ይዘው ተመለሱ።

«ቅቤ የለም አሉኝ።»

«በመስቀል ገበያ? እንዴት ቅቤ ይጠፋል?»

«አልጠፋም። ለኛ ነው የሌለው።»

አቶ ዘመድኩን ከረባታቸውን አስረው ራሳቸው ወረዱ። ከአገና ቅቤ ይዛ የመጣችው ሴትዮ፣ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ከፊቷ ተደርድሮ፣ «ተሽጧል» አለች። «ለማን?» ሲሏት «ለሚመጣው ሰው» አለች። ቆጮዋም ተሽጧል። በርበሬውም፣ ከገበያው ጫፍ እስከ ጫፍ፣ ተሽጧል። እሳቸው ሰፍያ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን አለሰለሱ።

«ሰፍያ፣ አሰላሙ አለይኩም።»

ሰላምታ መመለስ ግዴታዋ ነውና መለሰች። «ወአለይኩም ሰላም ጋሼ። ተሽጧል።»

«ኧረ ምን እንደምፈልግ ገና አልነገርኩሽም!»

«እሱም ተሽጧል።»

አቶ ዘመድኩን በሩጫ ወደ መስታወቱ ሄዱ። ቁልፉ ያለው በራሳቸው ኪስ ነው፤ ከፈቱና ሰነዱን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ማንበብ ጀመሩ።

«ይታገሱ! ነጋዴን ሽጥ ብሎ የሚያስገድደው አንቀጽ የቱ ነው?»

«የለም ክቡር ኃላፊ። ነጋዴ ለፈለገው ሰው የመሸጥ ነጻነት አለው የሚል ነው ያለው።»

«ማነው ይህን የጻፈው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ይሻር!»

«ለመሻር ስብሰባ ያስፈልጋል፤ ሰው ደግሞ አይመጣም።»

ክቡርነታቸው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «ኧረ በዚህ አገር ሕግ የለም እንዴ?!»

ይህ ጥያቄ ለእኛ አዲስ አልነበረም፤ ከዚያ በኩል ሲመጣ ግን ገና መስማታችን ነው።

ለመስቀል ዋዜማ ሳጥኑ ተነሣ። መደቡ ከተረፈው ሲሚንቶ ከበፊቱ አምሮ ተሠራ። አቶ ዘመድኩን እትዬ አዛለችን በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቁና፣ ወዲያው ሳይቀዘቅዝ ንግግር አደረጉ።

«ሕገ መንግሥታችን ጥርስ እንዳለው ዛሬ በተግባር ተረጋገጠ!»

አጨበጨብን። ጥርሱ የበቀለው የቅቤ ሻጮቹ አፍ ውስጥ ነበር፤ ግን ጭብጨባ አይከፈልበትም።

ጭብጨባው ደስ ሲላቸው እስክሪብቷቸውን አወጡ። «ይህን ድንቅ ባህላችንን ደግሞ እንዲሁ ሜዳ ላይ መተው የለብንም። አንቀጽ ይሁን! ‹ማግለል የሚቻለው በቂ ምክንያት ሲኖርና ጽሕፈት ቤቱ ሲፈቅድ ነው› ብለን እናስገባው።»

«አስፈጻሚው ማን ሊሆን ነው?» አለች እትዬ አዛለች፣ በርበሬዋን ከአዲሱ መደብ ላይ እያስተካከለች።

«ያው ጽሕፈት ቤቱ ነዋ።»

እትዬ አዛለች እስከዛሬ አቶ ዘመድኩንን አንቱ ስትል ነው የኖረችው። አሁን ቀና ብላ አየቻቸው።

«እሺ ልጄ። ለከርሞ ቅቤውን ከየት ልትገዛው ነው?»

እስክሪብቶው ወደ ኪስ ተመለሰ። ይታገሱ በያዘው ቃለ ጉባኤ ላይም «ሐሳቡ በሰፊው ተደንቆ፣ ለሌላ መስቀል ተላልፏል» ተብሎ ተጻፈ።