ለሥራ የተላኩት ሽማግሌ

ኢንተርኔት ላይ ራሱን ሲያሞግስ የሚውል ሥራ ፈላጊ ገጥሟችሁ አያውቅም? እኔ እዚህ እስራኤል፣ ሻአሪያ በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ ጎረቤት አለችኝ፤ አሮጊት የምትንከባከበዋ ፊሊፒናዊቷ ግሬስ። አገሯ ገብታ፣ ከልጇ ሳትለይ በኮምፒውተር የምትሠራው ሥራ ፈልጋ ገጿን በሙገሳ ሞላችው። አባቴ ሲሰሙ አፈሩላት። «ሰው ራሱን ያመሰግናል እንዴ? ሽማግሌ ይላካል እንጂ።»

ቀጣሪው በቪዲዮ ሊያነጋግራት በቀጠረበት ዕለት፣ አባቴ ኮታቸውን ለብሰው ከጎኗ ተሰየሙ። «ሥራችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን ፈልገን መጥተናል» አሉ። እኔ በእንግሊዝኛ ተረጎምኩ፤ የሽምግልናውንም ወግ አስረዳሁ። ሰውየው ግራ ተጋብቶ «ተማክረን እናሳውቃችኋለን» አለ። የግሬስ እንባ መጣ።

አባቴ ግን ደስ አላቸው። «በሰደር፤ መልካም ነው፤ ልጁን ሊድር ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚለው።»

በሳምንቱ የቅጥር ደብዳቤው መጣ። ግርጌው ላይ ቀጣሪው አንድ ጥያቄ ጨምሯል፤ የሚወዳት ልጅ አባት እምቢ ብለውታልና፣ እኒያ ሽማግሌ ጊዜ ይኖራቸው ይሆን?