አንድ ክረምት የቀረው ጥናት

የትም ከተማ ብትሄዱ ጥናት ላይ ያለ አንድ ሰው አታጡም። ሌላው ያገባል፣ ይወልዳል፣ ቤት ይሠራል፣ ይሞታል፤ እሱ ጥናት ላይ ነው። ምን እንደሚያጠና ብትጠይቁት እስኪመሽ ያስረዳችኋል፤ መቼ እንደሚጨርስ ብትጠይቁት ይቀየማችኋል። ደብረ ማርቆስም ድርሻዋ አልቀረባትም፤ አቶ ደምለው ደረሷት።

ፋጢማ ጀማለዲን ከኚህ ሰው ጋር የተዋወቀችው በአፍንጫቸው ነው። አባቷ ገበያው አጠገብ አርባ ዓመት ፎቶ ቤት ነበረው። እሱ ሲሞት ፋጢማ የፊተኛውን ክፍል ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ አደረገችው፤ የጓዳው ግን ከወለል እስከ ቆርቆሮው በኔጋቲቭ ሳጥን እንደታጨቀ ቀረ። ከጊዜ በኋላ ጓዳው ይሸት ጀመር። ደንበኛ አፍንጫውን ሲይዝባት መረራትና ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ቀን ሳጥኖቹን ደጅ አውጥታ ከመረች፤ ክብሪት ይዛ ስትመለስ አንድ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ክምሩ ላይ ጎንበስ ብለው ያሸታሉ።

«አቼቶ!» አሉ፣ የጠፋ ዘመድ እንዳገኘ ሰው።

«የአባቴ ዕቃ ነው ጋሼ። ላቃጥለው ነው።»

«ሰውን ታቃጥያለሽ?» አንዱን ኔጋቲቭ መዝዘው ወደ ፀሐይ አነሡት። «ይኸውልሽ፣ ሙሽራ ናት።»

ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። እዚያው እንደቆሙ ትምህርቱን ጀመሩ። ፊልሙ የተሠራበት ፕላስቲክ ሲያረጅ አሲድ ያወጣል፤ የሚሸተው እሱ ነው። ፕላስቲኩ እየተኮማተረ ሲሄድ ምስሉን የያዘው ስስ ቆዳ አብሮት መኮማተር ስለማይችል ይጨማደዳል፣ ይላቀቃል። ይባስ ብሎ የታመመው ፊልም አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ያስይዘዋል። «ይኼ በሽታ ነው ልጄ፤ በሽታ ደግሞ ይጠናል» አሉ። ፋጢማ ክብሪቱን ኪሷ ከተተች። ሳጥኖቹን ተሸክመው መልሰው ያስገቡት ራሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ በመጣ ቁጥር እሳቸውም መጡ። «እንዴት አደርሽ» ከማለታቸው በፊት አየሩን ይስባሉ። ጓዳ ይገቡና በየሳጥኑ የአሲድ መለኪያ ወረቀት ያስቀምጣሉ፤ ሰማያዊው ወረቀት ወደ ቢጫ በዞረ ቁጥር ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። ለፋጢማ የሰጧት ትእዛዝ አንድ ብቻ ነው፤ ጥናቱ እስኪያልቅ ሳጥኑን ማንም እንዳይነካ፣ አየሩ ከተረበሸ ውጤቱ ይበላሻልና።

«መቼ ያልቃል ጋሼ?»

«አንድ ክረምት ብቻ ነው የቀረው። አንድ ክረምት ብቻ።»

ከተማው ቀስ በቀስ «መሪጌታ አቼቶ» የሚል ማዕረግ ሰጣቸው፤ ማዕረጉንም በሥራቸው አገኙት። ለቅሶ ቤት ገብተው፣ እግዜር ያጥናችሁ ካሉ በኋላ፣ ባል የሞተባትን ሴት የሰርግ ፎቶዋን ጀርባ ላሽትተው ብለው ጠይቀዋል። የሥጋ ነጋዴውን ውበቱን ለምነው ከፍሪጁ አንድ መደርደሪያ ያዙ፤ ፊልም በቅዝቃዜ ዕድሜው ይረዝማል ብለው። ውበቱ እሺ ያለው «እነዚህ ፊቶች ሁሉ የተሣሉት በብር ነው» ሲሉ ሰምቶ ነው። መብራት ሁለት ቀን ጠፋና ፊልሙ በላብ ተጣበቀ፣ ሥጋው አቼቶ አቼቶ አለ፣ ብሩም ኪስ የሚገባው ዓይነት አለመሆኑን ውበቱ በኋላ ተረዳ። ደግሞ አንድ ሰሞን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከየሱቁ ለቃቅመው ገዙ፤ ሰፈሩ ሽማግሌው ኮረዳ አገቡ ብሎ አወራ። ፕላስቲክ የሚያሟሟ ፈሳሽ ፈልገው ነበር።

አንድ ጊዜ ደግሞ ጥናታቸውን ይዘው አንድ የምርምር ጉባኤ ፊት ቀረቡ። ለአርሶ አደሩ ምን ይጠቅማል ተብለው ተጠየቁ።

«አርሶ አደሩ ፊት የለውም እንዴ?» አሉ። ጉባኤው ጥያቄውን መዘገበ፤ በጀት ግን አልነበረውም።

በሦስተኛው ዓመት ግድም ፋጢማ አንድ ነገር አሰበች። «ጋሼ፣ መስኮቱ ላይ እየለጠፍኩ አንድ በአንድ በስልኬ ባነሣቸውስ? ቢያንስ ቅጂ ይኖረናል።»

«ጥናቱ ሳያልቅ?» ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ወረቀቶቼ ሁሉ ይበላሻሉ! አንድ ክረምት ታገሺኝ።»

ታገሠቻቸው። ሥራም ነበረባት፣ እውነቱን ለመናገር ሰነፈችም።

ባለፈው ጥቅምት፣ በሐሙስ ቀን፣ ወይዘሮ ሥራነሽ የሚባሉ እናት ከደብረ ኤልያስ በሚኒባስ መጡ። ልጃቸውን ዘመነን በክረምቱ ወንዝ ሲሻገር ደራሽ ውሃ ወስዶታል። ሬሳው አልተገኘም። ስልኩም መታወቂያውም አብረውት ሄዱ፤ ፎቶ መነሣት የማይወድ ሰው ስለነበር ሌላ የለም።

«ስምንተኛ ክፍል ሲፈተን ጉርድ ፎቶ የተነሣው እዚህ ነው» አሉ። «እኔው ነኝ ያመጣሁት። ሸሚዙን ከጎረቤት ተውሼ አለበስኩት። አባትሽ ቀና በል ሲለው ሳቀ።»

ፋጢማ ትእዛዙን ረስታ ጓዳ ገባች። አባቷ በአብዛኛው ፖስታ ላይ ስም ይጽፍ ነበርና ዘመነን ለማግኘት ሩብ ሰዓትም አልፈጀባትም። ፖስታውን ስትከፍት ሽታው ዓይኗን አቃጠላት። ኔጋቲቩ እንደ ደረቀ ቅጠል ተጠቅልሎ ነበር፤ ወደ ብርሃን ስታነሣው ከመጨማደድ በቀር ምንም አይታይም።

አቶ ደምለው የዚያን ጊዜ ደረሱ። እናቲቱን አዩ፣ ፋጢማ እጅ ላይ ያለውን አዩ። ያን ቀን አየሩን አላሸተቱም። ወጥተው ሄዱና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ጠርሙሳቸውን፣ አንድ የሸክላ ሳሕንና አንድ ጠፍጣፋ መስታወት ይዘው ተመለሱ። ፕላስቲኩን በፈሳሹ አሟሙተው ምስሉ ያለበትን ቆዳ ብቻ ለማላቀቅ ሞከሩ። ቆዳው እንደ ሽንኩርት ገለፈት ተንሳፈፈ፤ መስታወቱ ላይ ሲያስተኙት ከመሐል ተቀደደ፣ የላይኛውም ወገን እጃቸው ላይ ብን ብሎ ጠፋ።

የቀረውን ፋጢማ በስልኳ አንሥታ ጥቁሩን ወደ ነጭ ገለበጠችው። አንድ ጆሮ ወጣ፤ ከዚያ አገጭ፣ የተከፈተ አፍ፣ የሸሚዝ ኮሌታ።

ወይዘሮ ሥራነሽ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ዓይኑስ?»

ፋጢማ መስታወቱ ላይ የቀረውን ጭምድድ ቆዳ አሳየቻቸው።

«መቼ ነው እንዲህ የሆነው?»

«በነዚህ አምስት ስድስት ዓመታት ነው» አሉ አቶ ደምለው።

«ታዲያ እያያችሁት?» አሉ እናቲቱ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የጠየቁት ስላልገባቸው ነው። ፋጢማ ግማሹን ፊት በወረቀት አትማ ሰጠቻቸው። በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ።

አቶ ደምለው ያልተሸጠ ደብተር ክምር ላይ ተቀመጡ። «ጥናቱ አልቋል» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ድሮ አልቋል። በመጀመሪያው ክረምት ነው ያለቀው። ይኼ ነገር መዳኛ የለውም ልጄ። ቅዝቃዜ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። አይድንም ብዬ ልነግርሽ ስመጣ፣ ሳጥኖቹን እንደገና ደጅ ታወጫለሽ ብዬ ፈራሁ። ከዚያም ምናልባት አገኝለት ይሆናል እያልኩ...»

«ስልኬን ይዤ ለምኜዎት ነበር!» አለች ፋጢማ። «ያን ጊዜ ዓይን ነበረው!»

«ነበረው» አሉ።

በልቧ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አለች፤ በአፏ ግን ለሽማግሌ የሚባል አይደለምና «ጋሼ፣ ከእንግዲህ አይምጡ» ብቻ አለች። ባርኔጣቸውን ረስተው ወጡ።

አልመጡም። በመጀመሪያው ሐሙስ ደስ አላት። በሁለተኛው፣ በሩ በተንቋቋ ቁጥር ቀና ማለቷ ታወቃትና በራሷ ተናደደች። በሦስተኛው ውበቱ ብቅ ብሎ «መሪጌታሽ ታመሙ እንዴ?» ቢላት እሷ ምን አገባኝ አለችው፤ ቀኑን ሙሉ ግን ፎቶ ኮፒ እያጣመመች አወጣች። ያ ሁሉ ሰው ጓዳዋን ሲያልፍ አፍንጫውን ይዞ ነው ያለፈው። አፍንጫውን ከፍቶ የገባ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

በአራተኛው ሐሙስ በጠራራ ፀሐይ ሱቋን ቆልፋ ሁለት ሳጥንና ባርኔጣውን ባጃጅ ላይ ጫነች።

አቶ ደምለውን ቤታቸው ውስጥ ፊታቸውን ሳይላጩ፣ ሸሚዛቸውን ሳይቆልፉ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ደብተሮቻቸው በገመድ ታስረው በሩ ሥር ተቀምጠዋል፤ ሊጥሏቸው ነው።

«ምን ቀረኝ ብለሽ መጣሽ?»

«ይነሡ ጋሼ። መስኮቱ ጋ ብርሃን አለ።»

«እኔ ያጠፋሁትን...»

«ያጠፉትን አጥፍተዋል፣ አልክድልዎትም» አለች ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ እየዘረገፈች። «እርስዎ ስድስት ዓመት አዘገዩ። እኔ ግን ክብሪት ይዤ ነበር።»

ሽማግሌው ተነሡ። እሳቸው ኔጋቲቩን መስታወቱ ላይ ይደግፋሉ፣ እሷ ታነሣለች። አብዛኛው አይሆንም፤ እንደተሰነጣጠቀ ጭቃ ነው፣ ሰው ይሁን ዛፍ አይለይም። ከመጀመሪያው ሳጥን መቶ ሰማንያ ኔጋቲቮች ፊት የወጣባቸው አሥራ አንዱ ብቻ ናቸው። እያንዳንዱን ፖስታ ከፍተው ያያሉ፣ ሲያጡ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ።

ከሁለተኛው ሳጥን አንዲት ሴት ወጣች፤ ሻሽ ያሰረች፣ ግማሽ ጉንጯ የተበላ። ፖስታው ላይ ስም የለም።

«ማን ናት?» አሉ አቶ ደምለው።

«እንጃ።»

«የሚፈልጋት የለም ማለት ነው። ልለፋት?»

«መስታወቱ ላይ ያድርጓት» አለች ፋጢማ። «ጋሼ፣ እጅዎ ይንቀጠቀጣል፤ ፊቷ ይደበዝዝብኛል።»

አቶ ደምለው በሌላው እጃቸው የሚንቀጠቀጠውን አጥብቀው ያዙት።